ሃያ ሁለት ቀዳዳ

ብስክሌት ሠሪውን የሰፈሩ ሰው «ይሄዳል» ይለዋል። የተጣመመ ቸርኬ ይምጣለት፣ የተሰነጠቀ ፔዳል፣ ወይም ጥርሱ ያለቀ ማርሽ፣ መዶሻውን አንሥቶ ሁለት ሦስቴ መታ መታ ያደርጋል፤ በሽቦ የሚታሰረውን በሽቦ፣ በላስቲክ የሚታሰረውን በላስቲክ ያስርና «በቃ፣ ይሄዳል» ብሎ ለባለቤቱ ያስረክባል። እውነትም ይሄዳል። ለሁለት ሳምንት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የቤታቸው የፊት ክፍል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በበሩ በኩል የእሱ ብስክሌቶች፣ በመስኮቱ በኩል የእሷ የስፌት መኪና፤ በመሀል ማንም ያላሰመረው፣ ሁለቱም ግን ከነሴንቲሜትሩ የሚያውቁት ድንበር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የስፌት መኪናዋ ፔዳል ተሰብሮ በሽቦ አስሮ «ይሄዳል» ብሏታል። ሄደ፤ በረገጠችው ቁጥር ግን እንደ አይጥ ይጮሃል። በዚህ አልተከፋችም። እጁ ችኩል ነው፣ ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው ብላ ተቀብላዋለች። ያጽናናት የነበረውም «ለሁሉም ሰው» የሚለው ነው።

አዋላጇ ብስክሌታቸውን እየገፉ የመጡት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የሰፈሩ ግማሽ ሰው በእጃቸው ነው የተወለደው፤ የብስክሌት ሠሪውና የልብስ ሰፊዋ ሴት ልጅም ጭምር። ብስክሌቱ በወጣትነታቸው ከክሊኒኩ ለሥራ የተሰጣቸው፣ ጡረታ ሲወጡም የተዉላቸው ጥቁር የሴት ብስክሌት ነው። አሁን ግን ጥቁርነቱ በዝገት ተበልቶ ከሩቅ ሲያዩት ቡናማ ይመስላል።

«እንዴት ነህ፣ ጎበዙ?» አሉት።

ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረውን ሰው ማንም «ጎበዙ» ብሎት አያውቅም። ተነሣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ከዚያ በሱሪው ጠረገ፣ ከዚያ ተመልሶ በጨርቁ ጠረገ።

«እትዬ! ይግቡ እንጂ፣ ምነው በር ላይ ቆሙ!»

አዋላጇ ነገሩን በአጭሩ አስረዱ። የወንድማቸው ልጅ የአሮጌ ብስክሌት ወዳጆች ማኅበር ውስጥ ገብቷል። ማኅበሩ ከሁለት ወር በኋላ ኤግዚቢሽን አለው፤ የእሳቸውንም ብስክሌት አስመዝግቦላቸዋል። ግን ደንብ አለው። ብስክሌቱ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን መሆን አለበት።

«መርማሪ የሚሏቸው ሰዎች አሉ» አሉ። «በባትሪና በሜትር ነው አሉ የሚያዩት። አንዲት ብሎን የሌላ ብስክሌት ከሆነች ዞር በሉ ነው። እንግዲህ እቤት ተቀምጬ ጉልበቴን ከማሸት ይሻላል ብዬ እሺ አልኩት። የፋብሪካው ዝርዝር በፖስታ እየመጣ ነው፤ ሲደርሰኝ አመጣልሃለሁ።»

«ዝርዝር ምን ያደርጋል እትዬ? ከነሳጥኑ ለክሊኒኩ የመጣ ጊዜ አውጥቼ የገጠምኩት እኔ አይደለሁ? ሁሉም እዚህ አለ።» ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን እጅጌ ጭኗ ላይ አሳርፋ ባሏን አየችው። ይህ ሰው የተጋቡበትን ቀን በየዓመቱ እሷን ነው የሚጠይቀው። ልጃቸው ስንት ዓመቷ እንደሆነ ሲጠየቅ ወደ እሷ ዞሮ «ስንት ነው?» ይላል።

አዋላጇ ከሄዱ በኋላ ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ ያየው ጀመር። ለራሱ ይሁን ለሚስቱ ሳይለይ፣ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር።

«ኮርቻው ቡናማ ቆዳ፣ ከሥሩ ሁለት ጥምዝ ስፕሪንግ። ደወሉ በግራ። የጭቃ መከላከያው፣ ፓራፋንጎው፣ ጥቁር፣ ጠርዙን ተከትሎ የወርቅ ቀለም መስመር፣ ከክር የማይወፍር። የኋላው ጎማ ላይ ደግሞ ቀሚስ ራጂ ውስጥ እንዳይገባ አረንጓዴ የሲባጎ መረብ። ቀዳዳው በግራ አሥራ አንድ፣ በቀኝ አሥራ አንድ። ሲባጎው በስብሶ ረግፏል፤ ቀዳዳዎቹ ግን ይኸው።»

«ጉድ ነው» አለች ሚስቱ። «እኔ ትናንት ዳቦ ግዛ ብዬህ ሳሙና ይዘህ መጥተሃል።»

«ሳሙናም አልቆ ነበር እኮ» አላት።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው «ይሄዳል» ጠፋ። የደንበኞቹ ብስክሌቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተደራረቡ፤ ለሁሉም መልሱ «ነገ ና» ሆነ። እያንዳንዱን ብሎን በየሻይ ብርጭቆው ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፈ፤ እንዳይቀላቀሉም ብርጭቆዎቹ ላይ በእሷ የልብስ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔ ቁጥር ጻፈባቸው። ስድስት ብርጭቆ ነበራቸው፤ ስድስቱም ብሎን ሆኑ። ሻይ በኩባያ ይጠጣ ጀመር። የጎማውን ሽቦዎች፣ ራጆቹን፣ አንድ በአንድ አውልቆ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ። የወርቁን መስመር ፓራፋንጎው ላይ ከማሳረፉ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ተለማመደ፤ በቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ።

እሷ ከመስኮቱ ሥር ሆና ታየዋለች። እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ፔዳሉ ይጮሃል፤ እሱ አይሰማም።

ታናሽ እህቷ ጸጉር ሠሪ ናት፤ ሥራ ሲቀዘቅዝላት ብቅ ትላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ የእህቷን ፊት አየችና ወንበር ሳትስብ ጀመረች።

«ምነው፣ ዝናብ ያዘለ ደመና መሰልሽ?»

«እዪው።»

«ምኑን ልየው?»

«እዪው ነው የምልሽ። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ብሎን ይዞ እየፈተገ ነው።»

«ሥራው ነዋ! ብሎን ካልፈተገ ምን ይፈትግ፣ ድስት?»

«ድስት ቢፈትግማ ምን ነበረበት! ለእኔ ፔዳል ሽቦ፤ ለሷ ብሎን የሻይ ብርጭቆ።»

እህቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «በስተርጅና ከብስክሌት ጋር ተጣላሽ? ኧረ ሰው እንዳይሰማሽ! ባሏን ጎማ ቀማት ብለው መሳቂያ ያደርጉሻል።»

«ሳቂ አንቺ።»

«እህትዬ፣ አዋላጇ እኮ ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሰውየውም ቢሆን ያው ሰውየው ነው። ማን አባቱ ይወስደዋል?»

«ማንም እንደማይወስደው አውቃለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያመመኝ እሱ አይደለም። እጁን እዪው። እንዲህ ያለ እጅ ነበረው ማለት ነው። ያ የምናውቀው እጅ ሌላ፣ ይኼ ሌላ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የት ደብቆት ነው?»

እህቷ ወደ ብስክሌት ሠሪው ዞር ብላ አየች። ብሎኑን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ እየተመለከተው ነበር። ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ «ሻዩስ?» ብላ ወሬ ለወጠች።

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ሁሉ እንደ አሮጌ ልብስ እየፈታች ታየው ጀመር። ልጃቸው በተወለደችበት ቀን አዋላጇ በዚሁ ብስክሌት ነበር የመጡት። እሷ ውስጥ ስታምጥ፣ ባሏ ውጭ ሆኖ የብስክሌቱን ካቴና ዘይት ሲቀባ ነበር የቆየው። ይህን ወሬ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየአራስ ጥየቃው አውርታዋለች። «እኔ በጭንቅ፣ እሱ በካቴና!» ስትል ሴቱ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ወንድ ልጅ ሲጨነቅ እጁን የሚያሳርፍበት ያጣል ብላ ነበር የተረጎመችው። አሁን ግን ቀልዱ ከአፏ ሲጠፋ ተሰማት። ያን ቀን የተጨነቀው ለማን ነበር?

በአምስተኛው ሳምንት ባሏ ድንበሩን ተሻግሮ የኋላውን ፓራፋንጎ ይዞላት መጣ። አሮጌውን ቀለም ሙልጭ አድርጎ ልጦታል፤ ነጭ ብረት ሆኖ ያበራል።

«መረቡን አንቺ ነሽ የምትሠሪልኝ» አላት። «የእኔ ጣት ለሲባጎ አይሆንም። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ተነሥቶ እስከ ጎማው እምብርት ነው የሚወርደው። ስንት ሜትር እንደሚፈጅ ለኪና አረንጓዴ ግዢ። ጥቁር አረንጓዴ፣ የቅጠል ዓይነት።»

«ለእትዬ ነው?»

«ለብስክሌቱ ነው» አላት፤ ተመልሶ ሄደ።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ፓራፋንጎውን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። በሙያዋ እኩል ያልሆነ ነገር ሳትለካውም ዓይኗን ይቆረቁራታል። በግራ በኩል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀዳዳዎች ርቀታቸው አንዱ ካንዱ አይገጥምም። አራተኛው ወደ ታች ወርዷል። ከስድስተኛው በኋላ እየተስተካከሉ ይሄዳሉ፤ በቀኙ በኩል ያሉት ደግሞ አሥራ አንዱም እንደ ቁልፍ ረድፍ የተሰለፉ ናቸው። ማሽን እንዲህ አይሠራም። ማሽን ከበሳ ሁሉንም አንድ ዓይነት ይበሳል። እንዲህ የሚበሳው እየሠራ የሚማር ሰው ብቻ ነው።

ብረቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ጎን፣ በስተቀኝ፣ መሰርሰሪያው ብረቱን ከመንከሱ በፊት ሸርተት ያለባት የጸጉር ያህል ጭረት አለች። ይህችን ጭረት ታውቃታለች። የወጥ ቤቱ መደርደሪያ የተሰቀለበት ሚስማር ጎን አለች። መጋረጃው ጋ አለች። የቁልፍ መስቀያው ጋም አለች። ባሏ ግራኝ ነው፤ መሰርሰሪያ ሲይዝ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይሸሽበታል። በቤቷ ግድግዳ ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ እንዲህ ነው።

አንድ ልዩነት ግን ነበረው። የጣቷን ጫፍ ቀዳዳው ላይ አሳርፋ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። ሲባጎውን እንዳይበላው የእያንዳንዱ ቀዳዳ ከንፈር በሞረድ ተሞርዶ፣ ከዚያ ታሽቶ፣ ከዚያ እንደገና ታሽቶ እንደ ዕንቁ ቁልፍ ለዝቧል። ሃያ ሁለቱንም ዳሰሰች። በእሷ ቤት ግድግዳ እጅ የማይቧጭር ቀዳዳ አንድም የለም።

 ብስክሌቱን የገጠመ ጊዜ ባሏ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እሷን የተዋወቃት ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው። በመካከሉ ሁለት ዓመት ሌላ ከተማ ሄዶ ሠርቷል። ይህን ሁሉ አንድ ሁለት ብላ ቆጠረችው። ቆጠራው አላበረዳትም።

«እነዚህን ማን ነው የበሳቸው?» አለችው በማግሥቱ ጠዋት።

«የትኞቹን?»

«የመረቡን።»

«ፋብሪካ ነዋ።» ቀና አላለም።

«ፋብሪካው ግራኝ ነው?»

የያዘው መፍቻ ብሎኑ ላይ ቆመ።  «ፋብሪካ ውስጥ ግራኝ ሰው አይጠፋም» አለ፤ ብሎኑንም ማጥበቅ ቀጠለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩን በሆዷ ይዛ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ሲባጎውን ግን አልገዛችም። «ቀለሙ ጠፋ» ትለዋለች፤ ሲጠይቃት ደግማ «ጠፋ» ትለዋለች። የምትጠብቀው የፋብሪካውን ዝርዝር ነበር። ወረቀቱ ይምጣ፤ መረብ የለም ይበል፤ እሱም በሴትየዋ ፊት ይፈር። የልብ ልቧ የሚፈልገው ይህን ነበር፤ ፓራፋንጎው እንደገና ጥቁር ተቀብቶ፣ የወርቁ መስመር ተሰምሮበት፣ ቦታው ላይ ሲገጠም እያየች ጠበቀች።

አዋላጇ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ወረቀቱን አራት አጥፈው በቦርሳቸው ይዘዋል። መነጽራቸውን አደረጉና የወንድማቸው ልጅ የተረጎመላቸውን እያነበቡ በእርሳስ ምልክት ያደርጉ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ መቀስ እንደያዘች ከመስኮቱ ተነሥታ ድንበሩ ላይ ቆመች።

«ኮርቻ፣ ቡናማ ቆዳ፣ ባለሁለት ስፕሪንግ… አለ። ደወል በግራ… አለ። የወርቅ መስመር… አቤት አቤት! አንተ ልጅ፣ እጅህ የተባረከ ነው! የኋላ ፓራፋንጎ፣ ጥቁር፣ ያልተበሳ…» ቆሙ። መነጽራቸውን አውርደው ጎንበስ አሉ። «ያልተበሳ ነው የሚለው። ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

«አንዳንዱን ፋብሪካው…» አለና አልጨረሰውም።

«ቆይ፣ ትዝ አለኝ! የሆነ ነገር ነበረበት እኮ። አረንጓዴ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ። የመንገዱን አቧራ እየሰበሰበ ነጭ ልብሴን ጭቃ ያስመስለው ነበር።» አዋላጇ ሳቁ። «ሳምንትም አልቆየ፤ በእትብት መቁረጫዬ መቀስ ከርከም ከርከም አድርጌ ጣልኩት።»

«እኔ በስብሶ መስሎኝ» አለ ብስክሌት ሠሪው።

በጣም ቀስ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና ፓራፋንጎውን እንደ ባዕድ ዕቃ ተመለከተው። «ችግር የለም እትዬ። በብየዳ ይደፈናል። ደፍኜ፣ ሞርጄ፣ ቀለም እደርብበታለሁ። ይሄዳል።»

በሰባት ሳምንት ውስጥ ይህችን ቃል ሲል የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የጠበቀችው ሰዓት ይኼ ነው። ወረቀቱ ተናግሯል፤ እሱም አፍሯል። ደስታው ግን አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ከቅናቱ የባሰ ቅናት። እስካሁን የቀናችባት ሴት ቢያንስ የተሰጣትን ያወቀች፣ በልቧ ይዛው የኖረች ሴት ነበረች። እሳቸው ግን አላወቁትም። እሷ አንድ ቀን እንኳ ያላገኘችውን፣ አግኝተው በመቀስ ቆራርጠው መንገድ ላይ ጥለውታል። የተራበ ሰው ዳቦ ሲጣል ሲያይ የሚሰማው ነው የተሰማት።

«ፋብሪካ አይደለም» አለች።

ሁለቱም ዞሩ።

«እሱ ነው የበሳው። ብስክሌቱን ሲገጥምልዎ፣ ቀሚስዎ ራጂ ውስጥ እንዳይገባ። ሃያ ሁለቱንም በእጁ። ጣትዎን አሳርፈው ይዩት፤ ሲባጎውን እንዳይበላው አንድ በአንድ ሞርዶታል።»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ባሏ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ምን አጠፋሁ? ሰው ደክሞ የሠራውን ነገር መታወቁ ነውር ነው?»

አዋላጇ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ከዚያ አመልካች ጣታቸውን የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ አሳረፉ። ዙሪያውን ዳሰሱ። ሁለተኛውን። አራተኛው ላይ፣ ወደ ታች የወረደው ላይ፣ ትንሽ ቆዩ። ብዙ ሺህ ሕፃን ተቀብሎ የተረጋጋው እጃቸው አሁን በጣም እየተጠነቀቀ ነበር።

«አንተ ነህ?» አሉት።

«ልጅ ነበርኩ እትዬ» አለ፤ ወለሉን እያየ።

«አልነገርከኝም እኮ።»

«ምን ብዬ ነው የምነግርዎ?»

አዋላጇ ቀና ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ፊታቸውን አየችው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ አልነበሩም። አንድ ሰው በድብቅ አስቦላት እንደነበር ዛሬ የሰማች የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው። እስከ ዛሬ ቀዳዳዎቹ የማንም አልነበሩም። ሰጪው ደብቋቸው፣ ተቀባይዋ ሳታውቃቸው፣ እሷ ብቻ ዳስሳ ያወቀቻቸው ነበሩ። ዝም ብትል ኖሮ እስከ ነገ በብየዳ ተደፍነው ይጠፉ ነበር። በገዛ አፏ ወስዳ ለባለቤቲቱ አስረከበቻቸው።

«እንዳትደፍነው» አሉ አዋላጇ።

«መርማሪዎቹ ይጥሉታል እትዬ። ሁሉ ነገር ገጥሞ በዚህ ብቻ…»

«ይጣሉት።» ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «እኔ እንኳ ሳላውቅ ጥዬው ኖሬያለሁ። መረቡን መልሰህ ትሠራልኛለህ?»

ብስክሌት ሠሪው ቀና ብሎ በመጀመሪያ ሚስቱን አየ። አፉን ሊከፍት ሲል ሐሳቡ ገባት። እንቢ ብትል ራሱ ነው የሚሠራው። ለሲባጎ አይሆንም ያለው ጣቱ ይሆንለታል፤ ሦስት ቀን በቆርቆሮ ላይ ተለማምዶም ቢሆን ይሆንለታል። ያንን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ልታይ አልቻለችም።

«እኔ ነኝ የምሠራው» አለች። «ክር የእኔ ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ» አሉ አዋላጇ፤ ሊያቅፏት ፈልገው መቀሱን ሲያዩ ትከሻዋን ብቻ ነካ አደረጓት።

ቅዳሜ ጠዋት ቀለሙ ጠፋ ስትለው የከረመችውን ሲባጎ ከመጀመሪያው ሱቅ ገዝታ ተመለሰች። ጥቁር አረንጓዴ፣ የቅጠል ዓይነት። ብስክሌቱን ገልብጣ በኮርቻውና በመሪው አቆመችው፤ ሲባጎውን በሰም እያሸች ከቀዳዳ ወደ እምብርቱ፣ ከእምብርቱ ወደ ቀዳዳ ታወርድና ታወጣ ጀመር። ባሏ ጎማውን ሊይዝላት መጣ።

«ተወው፤ በጉልበቴ ይዤዋለሁ።»

ተወው፤ ግን አልሄደም። እግሩን አጣጥፎ ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በር ላይ አንድ ደንበኛ መጥቶ ጎማውን ጠየቀ፤ «ነገ» አለው ሳይዞር።

«እንደዚያ አታጥብቂው፤ ሲዞር ይበጠሳል» አላት ቆይቶ።

«በብስክሌትህ ገብቼብህ አላውቅም። በክሬ አትግባብኝ።»

 በግራ በኩል ያሉትን ጠማማዎቹን ጨረሰች። ክሩን እያጠበቀች ስትስብ የቀዳዳዎቹ መዛነፍ በመረቡ ውስጥ ተውጦ ጠፋ፤ አሁን ከእሷ በቀር ማንም አያየውም።

«ያን ጊዜ እኮ» አለ ባሏ። «ያን ጊዜ እኮ አንቺን አላውቅሽም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ስድስት ዓመት ይቀረን ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ። ይቅር ልልህ ያቃተኝም ያን እጅ እኔ ሳልደርስ መስጠትህን ነው።»

  ሳትዞር እጇን ወደ እሱ ዘረጋች።

«ሰሙን አቀብለኝ።»

አቀበላት። ወደ ቀኙ ዞራ አሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ነበረች።